የመኪናችን ማቀዝቀዣ ለምን ሞቀ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በእንስሳት ጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በተንቀሳቃሽ የእንስሳት ሕክምና መኪናችን ውስጥ ስላለው የጋዝ ማቀዝቀዣ ብቻ እናገራለሁ።

እንደምታስታውሱት፣ አምና ለበጎቻችሁ የመጣው የደስታ መሰል በሽታ ክትባት እዚሁ መኪና ውስጥ ተበላሸ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ሲገባው ቴርሞሜትሩ 16 አሳየ። ሌሊት ተነሥታችሁ በጎቻችሁን እየነዳችሁ የመጣችሁትን ሳንከትብ መለስናችሁ። የዚያን ቀን ሐፍረት ዛሬም አልረሳሁትም።

ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ሳይሆን የእኛ የገጠምነው ነው። የጋዝ ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም። በነበልባሉ ሙቀት አሞኒያው ከውኃ ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጀርባ ባሉት ቱቦዎች ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። እኛ ግን ጀርባውን ዘግተን ሙቀቱን መውጫ አሳጣነው። በዚያ ላይ የላሊበላ ከፍታ 2,500 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ነበልባሉም ይደክማል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አደረግን።

አንደኛ፣ በመኪናው የውጭ ግድግዳ ከታች የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ፣ ከላይ የሙቅ አየር ማስወጫ ከፈትን።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ይጠራቀምበት የነበረውን ከማቀዝቀዣው አናት በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ዘጋን።

ሦስተኛ፣ በማቀዝቀዣውና ሰው በሚቀመጥበት ክፍል መካከል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንን። የሚቃጠል ጋዝ የሚያወጣው መርዛማ አየር ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ይገድላል።

አራተኛ፣ አሞኒያው የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ መኪናው አዘንብሎ እንዳይቆም በውኃ ልክ እናያለን፤ በተዳፋት ላይ ከጎማው ሥር ድንጋይ እናደርጋለን። በጉዞ ላይ ጋዙ ይዘጋል፤ ክትባቱም በረዶ ባለው ሳጥን ይጓዛል።

ዘንድሮ ቴርሞሜትሩ ከ8 አልዘለለም፤ በጎቻችሁም ተከትበዋል።

አገራችን ከከብት ደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. የተረጋገጠው በክትባትና በብርቱ ክትትል ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የጋዙን ማቀዝቀዣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው እየተካው ነው። የእኛም ተራ እንዲደርስ ጠቅላላ ጉባኤው በሚቀጥለው ዓመት በጀት እንዲያስብበት በትሕትና እጠይቃለሁ።