የወደቀውን እጁን ይዞ ስለ ማንሣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በስምዋ የጌታን በዓል በምታስታውሰው በሆሣዕና ከተማ፥ በዱራሜም፥ በሾኔም፥ በአንጋጫም፥ በየገጠሩም ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ ሁሉ፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ዛሬ የምንናገረው ብዙ ቤተ ሰብ በልቡ ይዞት በአፉ ስለማያወጣው ሕመም፥ ይኸውም ስለሚጥል በሽታ ነው።

በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈ፥ አንድ አባት ልጁን ወደ ጌታችን አመጣ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ጊዜ ወደ እሳት፥ አንድ ጊዜ ወደ ውኃ ይወድቅ ነበር። ሕዝቡ ከብቦ ይመለከታል፥ ጻፎች ይከራከራሉ፤ ጌታችን ግን ልጁን ከመፈወሱ አስቀድሞ ይህ ካገኘው ስንት ዘመን እንደ ሆነ አባቱን ጠየቀው። ከፈወሰውም በኋላ ብዙዎች ሞቶአል ሲሉ፥ እርሱ እጁን ይዞ አስነሣው። ልናስተውለው የሚገባን ይህን እጅ ነው።

በአገራችን የወደቀውን ሰው ማን ይይዘዋል? አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል እየተባለ ብዙ ሰው ይሸሻል። በጎጆው መካከል ምድጃ ይነድዳል፤ ቆጮ የምትጋግር ሴት ሕመሙ በድንገት ሲይዛት በእሳቱ ላይ ትወድቃለች፤ ሊያነሣት የሚችለው ዘመድ ፈርቶ ሲቆም እጅዋና ፊትዋ ይቃጠላል። ሕመሙ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ የእሳቱ ጠባሳ ግን እስከ መቃብር ይኖራል። ይህን ጠባሳ ያመጣው በሽታው ብቻ ነውን? ፍርሃታችንም አምጥቶታል።

ከቁስሉም የሚከፋ አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የሚበላበት ሳሕን ይለያል፤ ልጅቱን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ነገሩን ሲሰማ ይመለሳል፤ እናት እንግዳ ሲመጣ ልጅዋን በጓዳ ትሸሽጋለች። ሕመምተኛውም በሰው መካከል እወድቃለሁ ብሎ ስለሚያፍር ከለቅሶ፥ ከሠርግ፥ ከቅዳሴም ይቀራል። በሽታው አልፎ አልፎ ይጥለዋል፤ እኛ ግን በየቀኑ እንጥለዋለን።

ምእመናን ሆይ፤ የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሆሣዕና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ባለችው በቡታጅራ አካባቢ ሐኪሞች ቤት ለቤት ዞረው መርምረው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በታተመው ጥናታቸው ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 ሕመምተኞች ተገኝተዋል፤ ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህል ነው። እንግዲህ ይህ ሕመም ያላገኘው አጥቢያ አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ።

የወደቀ ሁሉ ጋኔን ይዞታል የሚል ቢኖር፥ የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 4 ይመልከት። በዚያ ወንጌላዊው አጋንንት ያደሩባቸውንና ሕመም የሚጥላቸውን ለየብቻ ቈጥሮአቸዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ለዚህም ሕመም ምክሩ ያው ነው። ጠበሉን ጠጡ፥ ተጠመቁ፤ ክኒኑን ግን አትጣሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳልና። ሕመምተኛውም ወደ ጠበሉ ብቻውን አይውረድ። ያልታከመ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ወይም በሆሣዕና ስሙን ከሐድያዋ ንግሥት ከእሌኒ ወደ ወሰደው ሆስፒታል አድርሱት።

በፊታችሁ ቢወድቅ ከእሳትና ከውኃ አርቁት፤ ከራሱ በታች ልብስ አድርጉለት፤ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጐኑ አስተኙት። ማንኪያ በአፉ አታግቡ፤ ክብሪት ለኵሳችሁ አታሽቱት፤ በኃይል አትጨቍኑት። ከአምስት ደቂቃ ቢያልፍ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሲነቃም አትክበቡት፤ በስሙ ጠርታችሁ አጽናኑት፤ በማዕዳችሁም አስቀምጡት።

የዚያን ልጅ እጅ የያዘ ጌታችን ለሕሙማን ፈውስን፥ ለቤተ ሰቦቻቸው ትዕግሥትን፥ ለእኛም የማይፈራ እጅን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።