በአንድ ቁና እንስፈር፦ ኃያላን መንግሥታትና ሰብአዊ መብት

(በዓለም የሰብአዊ መብት ቀን በካምፓችን ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)



 እንደሚታወቀው ዲሴምበር 10 በዓለም ዙሪያ የሰብአዊ መብት ቀን ሆኖ ይከበራል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ «ከኃያላን መንግሥታት መካከል የሰውን መብት ይበልጥ ያከበረው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም። በቡና ቤት፣ በራሽን ሰልፍና በውሃ ቧንቧ ዙሪያ ሁልጊዜ ያከራክረናል። አንዱ ለአሜሪካ፣ አንዱ ለሩሲያ፣ ሌላው ለቻይና ይሟገታል። መጨረሻው ብዙውን ጊዜ መኮራረፍ ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ መምህር እንጂ የሕግ ሊቅ አይደለሁም፤ ስለዚህ ዳኛ ልሆን አልመጣሁም። ነገር ግን ሁለት ነገር ሲወዳደር መስፈሪያው አንድ መሆን እንዳለበት ማንኛዋም እህል ሻጭ ታውቃለች። ለወዳጅ አንድ ቁና፣ ለጠላት ሌላ ቁና ይዞ መስፈር ንግድም ፍርድም አይሆንም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁናው ራሱ በእጃችን አለ። ይኸውም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 ፓሪስ ላይ ያጸደቀው፣ 30 አንቀጾች ያሉት የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ነው። አርባ ስምንት አገሮች ደገፉት፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። የተቃወመ አልነበረም። ስምንት ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። እነርሱም ሶቭየት ኅብረትና አብረዋት የቆሙ የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት፣ ጥቁሮችን በዘር ትጨቁን የነበረችው ደቡብ አፍሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ ነበሩ።

ይህንን ብቻ የሰማ ሰው አሜሪካ ንጹሕ ናት ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1947፣ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበር በታላቁ ምሁር በዱ ቦይስ መሪነት የተዘጋጀ አቤቱታ ለተባበሩት መንግሥታት አቅርቦ ነበር። አቤቱታው ጥቁሮች በገዛ አገራቸው የተነፈጉትን መብት ይዘረዝራል። ጉዳዩ ይመርመር ያለችው ሶቭየት ኅብረት ስትሆን፣ ሐሳቧ ተቀባይነት አላገኘም። ታዲያ ሶቭየት ኅብረት ይህን ያደረገችው ለተበደለ ሰው በመቆርቆር ነውን? በዚያው ሰዓት በራሷ የግዞት ካምፖች ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በግዳጅ ሥራ ያልቅ ነበር። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ማለት ይህ ነው። ቢሆንም የጥቁሮቹ አቤቱታ እውነት ነበር። ከሳሹ ክፉ ስለሆነ ክሱ ሐሰት አይሆንም። ይህንን ነጥብ ተማሪዎቼ በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

እስቲ አንደኛ፣ በገዛ ሕዝባቸው ላይ ያደረጉትን እንመልከት። በሶቭየት ኅብረት ከ1932 እስከ 1933 መንግሥት የገበሬውን እህል በግዳጅ እየወሰደ በዩክሬንና በሌሎችም አካባቢዎች ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። በ1937 እና በ1938 ብቻ 680,000 ያህል ሰዎች በፖለቲካ ክስ እንደተረሸኑ በኋላ የተከፈቱት የመንግሥቱ የራሱ መዛግብት ያሳያሉ። በፌብሩዋሪ 1944 ደግሞ የቼቼንና የኢንጉሽ ሕዝብ፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ በባቡር ተጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዘ።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ፣ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ከዚያም በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በአንድ ጠረጴዛ አይበሉም ነበር። በ1942 ደግሞ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜግነት እያላቸው፣ በዘራቸው ብቻ በካምፕ ታጎሩ። በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሲሲፒ ተገደለ። የተከሰሱትን ሁለት ነጮች ሁሉም ነጭ የነበሩ የፍርድ ሸንጎ አባላት በነጻ ለቀቋቸው፤ ሰዎቹም ከዚያ በኋላ መግደላቸውን ለመጽሔት ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ እኛን አፍሪካውያንን እንዴት ተቀበሉን? በ1961 አዲስ የተሾመው የቻድ አምባሳደር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ በሜሪላንድ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ጥቁር በመሆኑ አላስተናግድህም አለው። ሞስኮ ይህንን መሰሉን ወሬ በደስታ ታሰራጭ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 1963፣ አንድ የጋና ተማሪ በሞስኮ አቅራቢያ ሞቶ ተገኘ፤ በመቶ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ተማሪዎችም ዘረኝነት ይቁም ብለው በቀይ አደባባይ ሰልፍ ወጡ። ጥቁሩ ሰው በሁለቱም በኩል መፎከሪያ ሆነ እንጂ ክብሩ በሁለቱም በኩል አልተሟላም።

ሦስተኛው የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አሜሪካ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መንግሥት ለረጅም ዓመታት ስታስታጥቅ፣ አስመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያዋ እንዳይነካባት እንጂ የገባሩና የእስረኛው ጉዳይ ብዙም አላስጨነቃትም። በ1977 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካርተር ደርግ የሰው መብት ይረግጣል ብለው ርዳታ ቀነሱ። ምክንያቱ እውነት ነበር። ሆኖም በዚያው ጊዜ ለኢራኑ ሻህና ለዛየሩ ሞቡቱ የሚሰጠው ድጋፍ ቀጥሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሶቭየት ኅብረት የቀድሞ ወዳጇን ዚያድ ባሬን ትታ ለደርግ መሣሪያ በአውሮፕላን ማጓጓዝ ጀመረች። ያ ጊዜ በከተሞቻችን ወጣት በየመንገዱ የሚረሸንበት የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። በ1980 ደግሞ አሜሪካ የበርበራን ወደብ ለመጠቀም ከዚያው ከዚያድ ባሬ ጋር ተዋዋለች። በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን ደበደበ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎችም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ሁለቱ ኃያላን ወዳጅ ተለዋወጡ፤ የሚሞተው ሕዝብ ግን ያው ነበር። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው።

«እንግዲያው ሁለቱም እኩል ናቸው» የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አልልም። በአንድ ቁና የሰፈረ ሰው ልዩነቱንም መናገር አለበት። ትልቁ ልዩነት የተበደለ ሰው «ተበደልኩ» ለማለት ያለው ዕድል ነው። በአሜሪካ ጥቁሮች እየተደበደቡም፣ እየተገደሉም ቢሆን ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ጋዜጣ አሳተሙ፣ ተሰለፉ። የትምህርት ቤት መለያየት በ1954 በፍርድ ቤት ወደቀ፤ በ1964 እና በ1965 የመብት ሕጎች ወጡ። በ1988 መንግሥት በሕይወት ያሉትን የጃፓን ዘር እስረኞች ይቅርታ ጠይቆ ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። በሶቭየት ኅብረት ግን ክሩሽቼቭ በ1956 የስታሊንን ወንጀል የገለጡበት ንግግር እንኳ በአገሩ በይፋ የታተመው በ1989 ነው። ሳካሮቭ ስለ መብት በመናገሩ በ1980 ወደ ጎርኪ ከተማ ተግዞ ሰባት ዓመት ገደማ ቆየ።

በሌላ በኩል ሶቭየት ኅብረት ትምህርትና ሕክምና ለሕዝቧ ማዳረሷን፣ የደቡብ አፍሪካንም የነጻነት ታጋዮች መርዳቷን መካድ አይገባም። የአሜሪካ የፍርድ ደጅም ለውጭ ሰው እኩል አልተከፈተም። ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ ወደ ጓንታናሞ ከተወሰዱት 780 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ክስ ለዓመታት ታስረዋል።

የዛሬዎቹ ተፎካካሪዎች አሜሪካና ቻይና ናቸው። አሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለ ሌሎች አገሮች መብት አያያዝ በየዓመቱ ሪፖርት ታወጣለች፤ ስለ ራሷ ግን በዚያ ውስጥ የለም። ቻይናም በአጸፋው ስለ አሜሪካ ስታወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከመግለጫው የተወለዱ ሁለት ትልልቅ ስምምነቶች አሉ። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን አሜሪካ በ1992 አጸደቀች፤ ቻይና በ1998 ፈርማ አላጸደቀችም። የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብቶችን ቻይና በ2001 አጸደቀች፤ አሜሪካ በ1977 ፈርማ አላጸደቀችም። እያንዳንዳቸው ግማሹን ይዘው ስለ ሌላው ግማሽ ይካሰሳሉ። ለሰው ግን እንጀራም ነጻነትም ያስፈልገዋል።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? አንደኛ፣ ብዙዎቻችን «ኬሴን ያበላሽብኛል» በማለት ይወስደናል ብለን ተስፋ ያደረግንበትን አገር ጥፋት ለመናገር እንፈራለን። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ሲታዘዝ ግን ያመሰገነውም የተቸውም በአንድነት ቀረ። ጥገኝነት መጠየቅ በመግለጫው አንቀጽ 14 የሰፈረ መብት እንጂ የውዳሴ ዋጋ አይደለም።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ የኃያላኑን ክርክር ለእርስ በርሳችን መማራችን ነው። አንዷ እናት ልጄ ተገደለ ብላ ስትናገር «የእናንተዎቹስ ምን አደረጉ?» የሚል መልስ በዚህ ካምፕ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ይህ መልስ ሟቹን አያስነሳም፤ የመላሹንም ሟች አያስነሳም። የሚያተርፈው ሁለቱን ገዳዮች ብቻ ነው፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ይሸሸጋልና። የእርሷን ሰምተን ካበቃን በኋላ የእኛንም እንናገር፤ እርሷም ትስማን።

ስለዚህ ወጣቶች፣ መከራከሩን አትተዉ። ግን መስፈሪያችሁ አንድ ይሁን፤ ከባንዲራው በፊት የተበደለውን ሰው ፈልጉ፤ እውነቱን ከጠላት አፍ ቢመጣም ተቀበሉ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና።