ስለ መለከት አበባ አተካከልና አጠባበቅ



ከሥራ ተመልሳችሁ በረንዳ ላይ ስታርፉ ከአጥር ጥግ የሚመጣ ጣፋጭ መዓዛ ያወዳችሁ እንደሆነ፥ ምናልባት ዛሬ የምነግራችሁን ተክል በመልኩ ታውቁት ይሆናል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ አበባው ነጭ፥ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆኖ ከአንድ ስንዝር በላይ እየረዘመ እንደ መለከት ወደ ታች ይንጠለጠላል። መዓዛው የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ ይኸውም በሌሊት የሚበርሩትን የእሳት ራቶች ለመጥራት ነው። ፈረንጆች የመልአክ መለከት ይሉታል። ብሩግማንሲያ የተባለውን የሳይንስ ስሙን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ያወጣለት ፐርሶን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ነው። እኛ ለዛሬው መለከት አበባ እንበለው።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከዓይነቶቹ የሚበዙት በአንዲስ ተራሮች አካባቢ የተገኙ ስለሆኑ የእኛ ወይና ደጋ ተስማምቷቸዋል። የሚያስደንቀው ግን፥ ዛሬ በትውልድ አገሩ ዱር ውስጥ በራሱ በቅሎ አለመገኘቱ ነው። ሰባቱም ዓይነቶች ከዱር ጠፍተው በሰው እጅ ተተክለው ብቻ እንደቀሩ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝግቧል። እንግዲህ ይህን ተክል በግቢው የሚያኖር ሰው የጠፋ ዘር ያቆያል ማለት ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። በሰኔ ዝናቡ ሲይዝ፥ ከጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፥ ሁለቱን አንጓ በአፈር ውስጥ መቅበርና እስኪበቅል ድረስ ከጠራራ ፀሐይ መከለል ነው። የበሰበሰ ፍግ ይወዳል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ በበጋ ውሃ ያጣ እንደሆነ ወዲያው ይጠወልጋል። ነፋስ ከሚበረታበትና ውርጭ ከሚወርድበት ስፍራ መራቅ ይገባዋል። ሲገረዝ፥ ግንዱ እንደ መንሽ ከተከፈለበት በላይ ብቻ ይቆረጥ፤ አበባ የሚሰጠው ከዚያ በላይ ያለው ነውና።

እስከዚህ የነገርኳችሁን ሁሉ እኔም አስቀድሜ አውቅ ነበር። ያላወቅሁትን ግን በዓይኔ ተማርኩት።

አንድ እሑድ ተክሉን በባዶ እጄ ስገርዝ ውዬ ላቤን በእጄ ጠረግሁ። በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ፊት ብቀመጥ የመዝገቡ ፊደል ተደባለቀብኝ፤ የቀኝ ዓይኔም ብሌን ከግራው ይልቅ እጅግ ሰፍቶ ተገኘ። ሐኪሙ ዓይኔን ከመረመረ በኋላ የጠየቀኝ፥ «ትናንት ምን ዓይነት ተክል ነክተሃል?» ብሎ ነበር። ማታ ይህን ለጎረቤታችን ለአንዲት አሮጊት ባጫውታቸው፥ ቅጠሉን አሽተው አሸተቱና፥ «ልጄ፥ ይኸ እኮ የአስተናግር ዘመድ ነው! የበላውን ሰው ያለ ልቡ የሚያናግረው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የአስተናግር አበባ ወደ ላይ ይቆማል፥ ፍሬውም እሾህ አለው፤ የመለከት አበባ ግን ይንጠለጠላል፥ ፍሬውም ልሙጥ ነው። መርዛቸው ግን አንድ ነው፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ይባላል። በሐኪም እጅ ተመጥኖ ሲሰጥ መድኃኒት ነው፤ አትሮፒን የዓይን ብሌን ያሰፋል፥ በፀረ ተባይ መርዝ የተጎዳውንም ሰው ያድናል። በተክሉ ውስጥ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። ሥሩም፥ አበባውም፥ ፍሬውም ሁሉ መርዝ ነው።

አሮጊቷ ይህን ሲሉኝ ሁለት ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥሁ። አንደኛው፥ የአራት ዓመት ልጄ የረገፈውን አበባ እንደ ባርኔጣ ለአሻንጉሊቷ እያደረገች ትጫወት ነበር። ሁለተኛው፥ ከዚያው ተክል ለሦስት ባልደረቦቼ ቆርጬ ሰጥቼ ነበር። ለእኔ የሰጠኝ ወዳጄ ምንም አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁትም፤ በተራዬም ለሦስቱ ምንም አልነገርኳቸውም። ነገ ሳልል ከየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አንደኛው ሕፃናት ስላሉት ያንኑ ዕለት ነቀለው፤ ሁለቱ ግን አቆዩት። እኔም ከደጃፌ ያለውን ነቅዬ፥ ልጄ ከማትደርስበት ከጓሮው አጥር ማዶ አንድ ቁራጭ ብቻ ተከልሁ።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ ትንንሽ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ተክሉ ባይኖር ይሻላል። ያቆያችሁት እንደሆነ ግን በጓንት ግረዙት፤ እጃችሁንና መቀሱን በሳሙና እጠቡ፤ የወጥ ቤት ቢላዋ አታስነኩት፤ ግርዛዡን በግና ፍየል ከሚደርሱበት አትጣሉ። ለቤት ሠራተኛውም፥ ለዘበኛውም፥ ለተከራዩም ንገሩ። አንድ ሰው ቀምሶት አፉ ቢደርቅ፥ ፊቱ ቢቀላ፥ ትኩሳት ቢይዘው፥ ልቡ ቢመታና ቢቀባጥር፥ በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳታጠፉ፥ ሳታስታውኩትም፥ ከተክሉ ቅጠል ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ለወዳጃችሁ ቁራጩን ስትሰጡት ጠባዩንም አብራችሁ ስጡት። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።