«ፉልፕሩፍ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ቃሉም «ፉልፕሩፍ» የሚለው ነው።

«ፉል» ማለት ሞኝ ነው። «ፕሩፍ» ደግሞ ብቻውን ሲነገር ማስረጃ ማለት ሲሆን፥ በሌላ ቃል ላይ ሲቀጠል «የሚቋቋም» የሚል ትርጉም ይሰጣል። «ዋተርፕሩፍ» ካፖርት ውሃ አያስገባም፤ «ፋየርፕሩፍ» ሣጥን እሳትን ይቋቋማል። እንደዚሁም «ፉልፕሩፍ» የሚባለው ሞኝ እንኳ ቢይዘው የማይበላሽ፥ ለስሕተት በር የማይከፍት ነገር ነው።

ቃሉ የሚነገረው ለመሣሪያ፥ ለዘዴና ለዕቅድ ነው እንጂ ለሰው አይደለም። የማይሳሳት ሰው ለማለት «ኢንፋሊብል» የሚል ሌላ ቃል አለ። ነገር ግን «ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋም» እንደ ተባለ፥ ይህ ስም የሚገባው ሰው ከየት ይገኛል?

ይህን በሚገባ የተረዳ ሺጌዎ ሺንጎ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች በትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ውስጥ ሁለት ሞላዎች ሲያስገቡ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ይረሱ ነበር። ተጠንቀቁ ቢባሉም መርሳቱ አልቀረም። ሺንጎ ግን ሠራተኛው አስቀድሞ ሁለቱን ሞላዎች ቈጥሮ በትንሽ ሳሕን ላይ እንዲያኖር አደረገ። ሥራው ሲያልቅ በሳሕኑ ላይ ሞላ ከቀረ፥ መረሳቱ ወዲያው ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ዘዴ በጃፓንኛ መጀመሪያ «ባካዮኬ» ይባል ነበር፤ ፍችውም ከፉልፕሩፍ ጋር አንድ ነው። በኋላ ግን በሌላ ፋብሪካ አንዲት ሠራተኛ እንደ ሞኝ መቈጠሯ አሳዝኗት አለቀሰች። ስለዚህ ሺንጎ ስሙን ለውጦ «ፖካዮኬ» አለው፤ ይኸውም ሳይታሰብ የሚደርስን ስሕተት መከላከያ ማለት ነው። ዘዴው ያው ሲሆን ስድቡ ብቻ ወጣለት።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። በፈተና ወረቀቱ ላይ ስሙን መጻፍ የሚረሳ ተማሪ ሞኝ አይደለም፤ ለዚህም ነው የስም ቦታ በወረቀቱ ራስ ላይ አስቀድሞ የሚታተመው። እንግዲህ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሲሳሳቱ «ሞኝ» ከማለታችን በፊት፥ ሳሕኑን ያላኖርንላቸው እኛ እንዳንሆን እንጠይቅ።