ስለ ጓሮ አትክልት ልፋትና በረከት የተደረገ ንግግር



የናቡቴን ታሪክ ያልሰማ ምእመን አይገኝም። ንጉሡ አክዓብ ያን የወይን ቦታ የተመኘው በቤቱ አጠገብ ስለ ነበረ አትክልት ሊተክልበት መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም በማለቱ ሕይወቱን አጣ። እንግዲህ የጓሮ ነገር ትንሽ መስሎ ቢታይ ደም እስከ ማፍሰስ የደረሰ ነገር ነው።

በፍኖተ ሰላም፤ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ከቤት ኋላ ያለችው ቍራሽ መሬት የምትያዘው ብዙውን ጊዜ በሴቲቱ እጅ ነው። ጌሾው፤ ጎመኑ፤ ዱባው፤ ለቡና የሚሆነው ጤና አዳም፤ ለቅመም የሚሆነው በሶብላ ሁሉ ከዚያ ይገኛል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል፤ አዲሱም እህል ገና ሳይደርስ፤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾመውን የፍልሰታን ጾም ብዙ ቤተ ሰብ የሚያሳልፈው በዚህች ጓሮ ጎመን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የዚህ አገር ሰው የሚደክምለት በርበሬ ነው። ይህም ተክል ጥንት በኢትዮጵያ አልነበረም፤ ኮሎምቦስ በፈረንጆች ቍጥር በ1492 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ከዚያ ወጥቶ በዓለም የተበተነ ነው። ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የሚሠራ ባለሙያ ሴት ቢፈልጉ አትገኝም።

ዘሩ በመደብ ይፈላል፤ ሣር ይለብሳል፤ ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ዝናሙ ሲጸና ችግኙ ይዛወራል። ከዚህ በኋላ ነው መከራው የሚመጣው። ትናንት ለምልሞ ያደረው በርበሬ ዛሬ አንገቱን ይደፋል፤ በጥቂት ቀንም ተራው በሙሉ ይጠወልጋል። ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ታያለች። «ዐይን በላብኝ» የሚል ቃል ይወጣል፤ ትናንት አልፋ ስታደንቅ የነበረችው ሴት ትታማለች፤ ቡና መጠራራት ይቀራል፤ በመጨረሻም ነገሩ የንስሐ አባት ዘንድ ይደርሳል። በርበሬው ለአንድ ዓመት ቢጠፋ በሚቀጥለው ይተካል፤ በቡዳነት የተጠረጠረች ሴት ስም ግን እስከ ልጅ ልጅ ሳይነጻ ይቀራል።

የጠወለገውን ነቅለው ቢመለከቱት ግን ሥሩ ጠቍሮ በስብሶ ይገኛል። ይህን የሚያደርገው ከአፈር ውስጥ የሚኖር ዐይን የማያየው ሻጋታ ነው፤ ውኃ በተኛበት ቦታ ይበረታል። ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ፤ ለውኃው መውረጃ ቦይ መቅደድ፤ የታመመውን ነቅሎ ከጓሮ ማራቅ ይገባል። በርበሬ በታመመበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ቲማቲም ወይም ድንች መትከልም አይበጅም፤ ሁሉም የአንድ ወገን ተክሎች ናቸውና፤ በቆሎ ወይም ጤፍ ይሻላል።

በቆሎውም ቢሆን ያለ ጠላት አይኖርም። ከአሜሪካ የመጣው ተምች በኢትዮጵያ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ የእሳት ራቷ ሌሊት እንቍላሏን በቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ከለጋው ልብ ገብቶ ይበላል። ጓሮ ትንሽ ነውና በየማለዳው እየዞሩ እንቍላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም ይቻላል፤ ለሰፊ እርሻ ግን ይህ ከባድ ነው።

በነነዌ ጾም የሚነበበውን የዮናስን መጽሐፍ የሰማ ሰው፤ ነቢዩን ያስጠለለችው ቅል በአንድ ሌሊት በቅላ በማግሥቱ እንደ ደረቀች ያውቃል። የመታት ትል ነበረ። ዮናስም እስከ ሞት ድረስ ቢቈጣ ጎረቤቱን አልከሰሰም፤ እርግጥ ነው፤ በአቅራቢያው ጎረቤት አልነበረውም።

እውነተኛው የጎረቤት ጥፋት ዶሮ ነው። ችግኝ በሚፈላበት ወራት ያልታሰረች ዶሮ በአንድ ረፋድ የወር ድካም ጭራ ትበትናለች፤ ስለዚህስ መካሰስ ቢመጣ ምክንያት አለው፤ አጥርን በማጥበቅ ግን ይቀራል።

ክረምቱ አልፎ የተረፈው በርበሬ ሲቀላ ተለቅሞ በፀሐይ ይሰጣል። ከዚያም ውስጥ ሳይጠወልግ ከቆየው ተክል የተገኘው መልካም ፍሬ ተመርጦ፤ ለሚመጣው ዓመት ዘር እንዲሆን ለብቻው ይቀመጣል።