ኤልያስም ደክሞት ነበር
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ዛሬ በተለይ ወጣቶችን ላናግር ነው። ተምረህ፣ ተመርቀህ፣ ጥሩ ሥራ ይዘህ፣ ሰው ሁሉ "ተሳካለት" እያለህ አንተ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይንህ ፈጥጦ ጣሪያ የምታይ ወንድሜ፤ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት መታጠቢያ ቤት አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ የምትወጪ እህቴ፤ ይህ መልእክት ለእናንተ ነው።

ኑሯችሁን እናውቀዋለን። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ቀን ሙሉ ሥራ፣ ማታ ማስተርስ። ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ እሁድ አገልግሎት። ደመወዝ ሲገባ ለእናት ይላካል፣ የታናሽ ወንድም ክፍያ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። እራት ላይ ሳላችሁ አለቃችሁ በቴሌግራም ሥራ ይልካል። ጓደኛችሁ ካናዳ ገባ፣ ሌላዋ መኪና ገዛች፤ ልባችሁ ደግሞ "እኔስ?" ይላል። ዕረፍት የለም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ልታማክረኝ መጣች። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ትልቅ ኃላፊነት ላይ የደረሰች ጎበዝ ልጅ ናት። ልቧ በድንገት ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ካጣች ወራት አልፈዋል። "ፓስተር፣ የምሞት ይመስለኛል" አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? "ይህ የጠላት ውጊያ ነው፤ ሦስት ቀን ጹሚ።" ጸለይኩላትና ሸኘኋት። ታዛዥ ናት፣ ጾመች። በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታዋ ላይ ወድቃ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ልጠይቃት ስሄድ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እምነቴ ስላነሰ ነው አይደል?" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሸክም ይዛ መጥታ ሌላ ሸክም የጨመርኩባት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ያን ዕለት ማታ 1ኛ ነገሥት 19ን ከፈትኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ያጠናሁት ታሪክ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የምሰብከው ምዕራፍ 18ን ነበር። እሳቱን! እኛ ጴንጤዎች እሳት እንወዳለን፣ አይደል? ከእሳቱ ማግስት ነቢዩ የት እንደተገኘ ግን ብዙ አንሰብክም።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት አወረደ። ጸልዮ ዝናብ አመጣ። በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ። ከዚያ ከኤልዛቤል አንድ መልእክት መጣና ያ ጀግና ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያ ተወው። ልብ በሉ፣ ሰው አጠገቡ እንዲኖር አልፈለገም። ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄዶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞትን ለመነ። ይህ ሰው ሰነፍ ነው? እምነት የለሽ ነው? አይደለም! ደክሞት ነው። የደከመውም በትልቁ ድሉ ማግስት ነው።

እግዚአብሔርስ ምን አደረገ? ገሠጸው? "ጹም" አለው? አላለውም። እንዲተኛ ተወው። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውሃ ሰጠው። እንደገና ተኛ። መልአኩም እንደገና አበላው፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ለእርሱ ብዙ መሆኑን ነገረው። ስብከት የለም፣ ተግሣጽ የለም። መጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ!

ከዚያ በኮሬብ ጌታ ጠየቀው። ኤልያስ የልቡን ተናገረ፤ ሁሉ እንደጠፋ፣ እርሱ ብቻ እንደቀረ። ጌታ ሁለተኛ ጠየቀው፣ እርሱም ያንኑ ደገመው። ጌታ "ይህንንማ ነግረኸኛል" አላለውም። እስኪጨርስ ሰማው። ከሰማው በኋላ እውነቱን ነገረው፤ ለበዓል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች አሉ። ሥራውንም የሚጋራው፣ በኋላም የሚተካው ኤልሳዕን ሰጠው።

ወገኖቼ፣ የሥነ ልቦና ምክር የሚባለውን፣ ቴራፒ የምትሉትን፣ እኔ ከዚህ ምዕራፍ በኋላ መፍራት ተውኩ። ባለሙያው ምን ያደርጋል? ይጠይቅሃል፣ ይሰማሃል። በውስጥህ የሚመላለሰውን ሐሳብ አውጥተህ እንድትመረምረው ያግዝሃል። "አንድ ስህተት ከሠራሁ አለቀልኝ" ትላለህ። እርሱም "እስኪ እንየው፤ ከዚህ በፊት ተሳስተህ አታውቅም? ያኔስ አለቀልህ?" ይልሃል። "እኔ ብቻ ቀረሁ" የሚለው ሐሳብ ሰባት ሺህ በሚለው እውነት ፊት ሲቀመጥ ማለት ነው።

ፈረንጆቹ በርንአውት የሚሉትን ዝለት የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ላይ አስፍሮታል። በሽታ ነው አላለም፤ መላ ካላገኘ የረዥም ጊዜ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ነው ብሎታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን መጥላት፣ የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ ያጣ መምሰል። ጭንቀት ግን ሲበረታና ሲቆይ ራሱን የቻለ ሕመም ይሆናል። ሕክምናም አለው።

"ታዲያ ጸሎትስ?" ትሉኛላችሁ። እንጸልያለን! ክፉ መንፈስ የለም አላልኩም፤ በኢየሱስ ስም ሲወጣ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን የደከመውን ሁሉ ጋኔን አለበት አንበል። ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደው ብሎ ይጠራዋል። ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው እምነት አነሰህ አላለውም። ታይፎይድ ሲይዘን ክሊኒክ እንሮጣለን፤ ታዲያ አእምሯችን ሲታመም ለምን እናፍራለን? በአዲስ አበባ ያለው ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ አማኑኤል ነው። እኛ ስሙን ስድብ አደረግነው። አማኑኤል ግን እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። እዚያም ከእኛ ጋር ነው፣ ሃሌ ሉያ!

ሕክምናው ግን አንድ ጥያቄ ለአንተ ይተውልሃል። የምትሮጠው ለማን ነው? ሕዝቡ በግብፅ ሳሉ ፈርዖን ጭዱን ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰላቸውም። ባሪያ የዕረፍት ቀን የለውም። ዘዳግም 5 ላይ ጌታ ሰንበትን ሲሰጣቸው ባሪያ እንደነበሩ እንዲያስቡ ያዘዛቸው ለዚህ ነው። ዕረፍት የነጻ ሰው ምልክት ነው። አንተ ከግብፅ ወጥተሃል፤ ጡብ መቁጠሩን ግን አልተውክም። ኢየሱስን ተመልከት። በዮርዳኖስ አባቱ የምወደው ልጄ ብሎ ሲመሰክርለት ገና አልሰበከም፣ አንድ ለምጻም አልፈወሰም። ፍቅሩ ከሥራው ቀደመ። አንተም በክርስቶስ የተወደድከው ማዕረግ ስላገኘህ አይደለም፤ ሥራህን ብታጣም አትጠላም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ? ለአንድ ለምታምኑት ሰው እውነቱን ንገሩ፤ ብላቴናችሁን ቤርሳቤህ አትተዉት። በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ዕረፉ፤ ማታ ስልኩን ከአልጋችሁ አርቁት። አገልግሎት ከበዛባችሁ ለመሪያችሁ ንገሩ፤ እኛም መሪዎች ጎበዝ ባየን ቁጥር ሥራ መደራረባችንን እንተው። እንቅልፍ ማጣቱና ፍርሃቱ ለሳምንታት ካለቀቃችሁ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ። መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ተጸለየልኝ ብላችሁ ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ። እንደ ኤልያስ ሞትን የምትመኝ ካለህ ግን ነገ አትበል። ዛሬውኑ ለሰው ንገር፣ ብቻህን አትደር፣ ሐኪም ቤት ሂድ። ቤተ ሰቦችም እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አትተዉት።

ያቺ እህት ዛሬ ደህና ናት። ወራት የፈጀ ምክር ወሰደች፣ ሐኪም ያዘዘላትንም ወሰደች፤ አብረናትም ጸለይን። አሁንም የሚከብዳት ሌሊት አለ። ያኔ ግን ትደውላለች፣ ባለቤቴም ታነሳላታለች።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ደክመው ሸክማቸው የከበደባቸውን ወደ አንተ የምትጠራ ነህ። በዚህች ሰዓት ከክትክታው ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ልጅህን አስበው። እንቅልፍ ስጠው፣ እንጀራ ስጠው፣ የሚሰማው ሰው ስጠው። አንተ እንደምትወደው ይወቅ። በስምህ፣ አሜን።