ሁለት ምሳሌ፣ አንድ እናት

 

እናቴ ምክር ሲጠይቋት በተረትና ምሳሌ ነው የምትመልሰው። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ታላቅ እህቴ «እስኪ ትንሽ ልይ» ብላ አመነታች። እናቴ ያጠበችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ እየደረደረች፣ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» አለቻት። እህቴም በማግስቱ ንግድ ባንክ ሄዳ የቁጠባ ደብተር አወጣች። ኋላ ወንድሜ ለሰርጉ ድግስ ሊበደር ሲል ግን ያችው እናት፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብላም ጨመረችበት።

አንዱ ምሳሌ ፍጠን ይላል፤ ሌላው ረጋ በል። አይጣሉም፤ ቦታቸው ይለያያል እንጂ። ለእህቴ የቤቱ ዕጣ ባይወጣላት እንኳ የቆጠበችው ገንዘብ የራሷ ነው። ድግስ ግን በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ ዕዳው ለዓመታት ይከተላል።

እናም ዛሬ አንድ ነገር ከመወሰናችሁ በፊት «ባይሳካልኝ ምን አጣለሁ?» በሉ። የምታጡት ጥቂት ከሆነ አትዘግዩ፤ ብዙ ከሆነ ግን እደሩበት፤ ታላላቆቻችሁንም አማክሩ።